የማይሰነጠቅ አፈር

ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው አፈር አይሰነጠቅም። የመርጡለ ማርያም ዋልካ ግን በበጋ ደርቆ ሲከፈት የልጅ ክንድ ያስገባል። እኔን ብዙ ያሳሰበኝ ይሄ ልዩነት ነው።

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ከወጣ በኋላ፣ ያገራችን ባለሙያዎች ከኔዘርላንድሱ ዋገኒንገን ተመራማሪዎች ጋር ለምዝገባ የሚረዳ የስሌት ዘዴ አዘጋጅተው ነበር። የከርሰ ምድር ውሃውን የሚያሰላው ፐርል የተባለው ሞዴል ነው። ዋና ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፦ ኬሚካሉ በስንት ቀን በግማሽ ይቀንሳል? ከአፈሩ ጋር ምን ያህል ይጣበቃል? ምን ያህል ዝናብ ወደ ታች ይሰርጋል? (የመፍረሻ ጊዜው ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ለ20 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ደጋ ላይ አፈሩ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል።)

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ሄክታር ላይ 1 ኪሎ ተረጨ እንበል። በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢሰርግ 2 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። አውሮፓ ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠችው ወሰን በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ነው። ከዚህ ወሰን እንዳያልፍ ከዚያ ሙሉ ኪሎ መውረድ የሚችለው 0.2 ግራም ብቻ ነው። ከ5,000 እጅ አንዱ! ቁንጥር ጨው እንኳ አይሞላም።

ጤፍ ላይ የሚረጨው ቱፎርዲ ከአፈር ጋር ብዙም አይጣበቅም፤ ግን ቶሎ ይፈርሳል። ከዘር በፊት አረም የሚያደርቀው ግላይፎሴት፣ ሰዉ ራውንድአፕ የሚለው፣ ከሸክላማ አፈር ጋር አጥብቆ ይያያዛል። ስለዚህ በስሌቱ ግላይፎሴት ጨዋ ነው፤ የትም አይሄድም። ለመጣበቅ ግን መጀመሪያ መነካካት ያስፈልጋል። ሰኔ ላይ ስንጥቁ ሳይገጥም ተረጭቶ ማታውን ዶፍ ከወረደ፣ ውሃው ከአፈሩ ጋር በቅጡ ሳይገናኝ ቁልቁል ይሮጣል። ነሐሴ ላይ ዋልካው አብጦ ስለሚገጥም ውሃው በላይ በላዩ ወደ ወንዝ ነው የሚሄደው።

ስንጥቅን የሚያሰላ ሞዴል ጠፍቶ አይደለም። ስዊድኖች ማክሮ የሚሉት አላቸው። ዴንማርክ ውስጥም ከሸክላማ ማሳዎች ሥር በሚወጣ ውሃ ግላይፎሴት ተገኝቷል። ማክሮ ግን በስንጥቆቹ መካከል ያለው የአፈር ጓል ስንት እንደሚሰፋ ይጠይቃል። ይህን ደግሞ ቢሮ ተቀምጦ መሙላት አይቻልም፤ ማሳው ላይ ወርዶ መለካት ይጠይቃል።

የአክስቴ የጉድጓድ ውሃ ከጤፍ ማሳ ግርጌ ነው፤ ለመጠጥም ለጠላም የሚቀዳው ከዚያው ነው። ዋልካው መቼ እንደሚገጥም ብጠይቃት፣ «ሐምሌ አቦ ካለፈ ወዲያ ምን ስንጥቅ አለ ልጄ» አለችኝ። እንግዲያው ርጭቱ እስከዚያ ቢቆይስ? ሳቀችብኝ። «አረሙስ ይቆያል?»

እውነቷን ነው። ገበሬውን ቆይ ማለት ዘሩን አሳልፍ ማለት ነው፤ እኔ ይህን ለማለት ድፍረቱ የለኝም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የነዚህ ጉድጓዶች ውሃ የሚመረመር ከሆነ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ሳይጠበቅ ናሙናው ከመጀመሪያው የሰኔ ዶፍ ማግስት ይቀዳ።