ካርዱ ፎገራ፣ ሕመሙ መተማ

የጤና መድን ገና ባልመጣበት ጊዜ መተማ በሰሜን ጎንደር ሥር ነበረች፤ ገንዳ ውሃንም ሸኽዲ ነበር የምንላት። መስከረም ሲጠባ ከጎጃምም ከፎገራም ወጣቱ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ይወርዳል። ሰሊጥ ፋታ አይሰጥም፤ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ከዘገዩበት ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ትኩሳት የያዘውም ሰው ማጭዱን ቶሎ አይጥልም ነበር።

አቅም የሌለው በነፃ እንዲታከም የቀበሌ ደብዳቤ ይጠየቅ ነበር። ቀበሌ ደግሞ ይጽፍ የነበረው ለነዋሪው ነው፤ ለአጨዳ የመጣን ሰው ማን ያውቀዋል? ካላዛር የተባለው የቆላ በሽታ ያከሳው አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። ፊቱ ጠቁሮ፣ በግራ ጎኑ ጣፊያው አብጦ ዛፍ ሥር ተኝቷል። አብረውት ያጭዱ የነበሩት ነጠላ ዘርግተው ከየኪሳቸው የተጨማደደ ብር ጣሉለት። ያሳከመው ያ ብር ነው።

ዛሬ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። የካላዛር መድኃኒት በነፃ ይሰጣል፤ 30 ቀን ይፈጅ የነበረው መርፌም በሁለት መድኃኒቶች ቅንጅት ወደ 17 ቀን ወርዷል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ፎገራ አንዷ ነበረች። አሠራሩ ግልጽ ነው፦ አባወራው በዓመት አንዴ መዋጮውን ይከፍላል፤ የወረዳው መድን ከጤና ጣቢያና ከሆስፒታል ጋር ውል ይገባል፤ ተቋሙ አክሞ ሂሳቡን ከመድኑ ይጠይቃል። ለሕክምና በሬ ከመሸጥ የዳነው ቤተሰብ ብዙ ነው።

ውሉ ግን የወረዳ ውል ነው። የፎገራው ልጅ የመድን ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ቆላ ቢወርድም፣ ወረዳው ውል ባልገባበት ተቋም ካርዱ አያሳክመውም። ማጭድ ቢቆርጠው፣ እባብ ቢነድፈው፣ ብዙ ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል። ትናንት ቀበሌው አያውቀውም ነበር፤ ዛሬ ውሉ አያውቀውም።

የፎገራው ልጅ ቤተሰብ መዋጮውን ከፍሏል፤ ልጁ ያጨደው ሰሊጥም ለአገር ዶላር ያመጣል። ስለዚህ ሠራተኛ የሚልኩ ወረዳዎች ውላቸውን ሲያድሱ እንደ መተማና ቋራ ያሉ የሰሊጥ ወረዳዎችን ጤና ተቋማት ይጨምሩ፤ ክልሉም ሂሳቡን በወረዳዎቹ መካከል ያወራርድ። ይህ አዲስ ሕንፃም አዲስ ሐኪምም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ፊርማ ነው፤ እሱም ከአጨዳው በፊት ይፈረም።