ዳይስ የሰጠኝ ሴትዮ

«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን ለማታውቁ ባጭሩ፦ ጠረጴዛ ተከቦ፣ ዳይስ እየተወረወረ፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባህርይ ሆኖ በጋራ ታሪክ የሚያወራበት ጨዋታ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 አወጡት (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በመጀመሪያው ደንብ ሦስት ዳይስ ይወረወርና ድምሩ ጉልበት ይሆናል፤ ቀጥሎ ብልህነት፣ እንዲያ እያለ እስከ ስድስት። የመጣውን መቀበል ነው።

ይሄን ገደብ እወደዋለሁ። ምርጫው የኔ ቢሆን ሁልጊዜ ያቺኑ ቆንጆና ብልህ ልጅ ነበር የምፈጥረው። ዳይሱ ግን ጉልበቷ 17፣ ብልህነቷ 6 የሆነ ሴትዮ ሰጠኝና ሦስት ወር አብሬያት ኖርኩ። ቀስ ብሎ የሚያስብ ሰው እንዴት እንደሚናገር ከክፍል ይልቅ ከሷ ነው የተማርኩት (መምህራኖቼ ይቅር ይበሉኝ!)።

ሌላ ዓይነት ገደብ ደግሞ አለ። የ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ጉልበቱ 18 ለሆነ ተዋጊ ከመቶ የሚቆጠር ጭማሪ ይሰጣል። ለወንድ እስከ 100፤ ለሴት ግን 50 ላይ ቁም! ዘንዶ እሳት በሚተፋበት ዓለም የሴት ክንድ ሲጠነክር ነው እንዴ «እውነታው» የሚታወሰን? በ1989 የወጣው ሁለተኛው እትም ይህን አስቀርቶታል። የኛ የጨዋታ መሪ ግን ዘንድሮ አሮጌውን ይዞ መጣ፤ «ደንብ ደንብ ነው» ብሎ ድርቅ አለ።

ዳይስ ሲነፍገኝ እሺ፣ እሱ ሰው አይለይም። ገና ሳልወረውር ስነፈግ ግን እሺ አልልም። ይህንኑ ነግሬው ተነሳሁ። አምስት ነበርን፤ ሁለቱ ተከትለውኛል። የሴትዮዋ ወረቀት እኔ ጋ ነው።