ቆሞ መጠበቅን የተማረው የጎብዬ ውርንጭላ

አንባቢ ሆይ፤ ከወልድያ ተነሥተው በቆቦ መንገድ ወደ ሰሜን የተጓዙ እንደ ሆነ፣ ተራራው ወደ ግራ ፈቀቅ ብሎ ሜዳው ከሚዘረጋበት ስፍራ ይደርሳሉ። በስተ ምዕራብ የጊዳንና የላስታ ደጋ፣ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ ቆመው፣ በመካከላቸው የራያ ቆላ ማሽላውን ተሸክሞ ተኝቷል። ጎብዬ ሮቢትና ቆቦ ከመድረስዎ በፊት የምትገኝ፣ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ የተሰለፈች ትንሽ ከተማ ናት። መንገደኛ ብዙ ጊዜ ሻይ ጠጥቶ ያልፋታል። እኔም ከኮሌጅ ወጥቼ በመምህርነት እስክመደብባት ድረስ ከመኪና መስኮት በቀር አላውቃትም ነበር።

በእርሻ ሊቃውንት ዘንድ ግን ስሟ ርቆ ተሰምቷል። አቀንጭራን ከሚቋቋሙት የማሽላ ዘሮች አንዱ «ጎብዬ» ይባላል፤ በዚህ ሥራ የደከሙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታም በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ዛሬ የማጫውትዎ ግን ስለ ማሽላ ሳይሆን ስለ አንድ ዳማ ውርንጭላ ነው።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ናቸው። ባጃጅ መንገዱን ሳይሞላው በፊት ጋሪ ይነዱ ነበር። ውርንጭላውን ከደጋ ገዝተው ያመጡት ገና አንድ ዓመት ሲሆነው ነው። ጋማው እንደ ጫማ ብሩሽ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጀርባው ከእምብርቴ እምብዛም የማይዘል፣ ዐይኑ ግን የማያርፍ ነበር። መቸም የአገራችን ፈረስ ቢያድግም ትንሽ ነው፤ ብዙው ቁመቱ ከ130 ሴንቲ ሜትር እጅግ አይርቅም።

አዛውንቱ በየማለዳው ይህን ውርንጭላ ገመድ ይዘው ከግቢው መካከል ያቆሙታል። አያስኬዱትም፤ አይጭኑትም፤ እንዲያው ያቆሙታል። መጀመሪያ ባየሁ ጊዜ የሳቅሁ መሆኔን አልሸሽግም። በአሜሪካን አገር ለፍቅርና ለትርኢት የሚያረቧቸው ድንክ ፈረሶች እንዳሉ አንብቤ ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ማኅበራቸው ከ34 ኢንች፣ ማለት ከ86 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የበለጠውን አይቀበልም። በውድድሩ ጋላቢ የለም፤ ባለቤቱ ገመዱን ይዞ ይቀርባል፣ ፈረሱም በአራት እግሩ ተስተካክሎ ጸጥ ብሎ ይታያል። እኛ ደግሞ ስለ ፈረስ ስንማር ያደግነው ስለ ሩጫው ነው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተዋጉት የራስ ሚካኤል፣ በፈረስ ስማቸው የአባ ሻንቆ፣ የወሎ ፈረሰኞች ሲነሡ ስለ ቆመ ፈረስ ማን ያወሳል?

«አባባ፣ ይህን ሁሉ መቆም ምን ያደርግለታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለመርፌ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ባዝራ ነበረቻቸው። ክትባት በተሰጠ ቀን ገመዷን በጥሳ ፈርጥጣ ሳትከተብ ቀረች። ክረምቱ ሲወጣ ትኩሳት ያዛት፤ ትንፋሽ አጠራት፤ አረፋ በአፍንጫዋ ወጣና በሁለተኛው ቀን ሞተች። በሽታው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው ነው። የሚያስተላልፈው ለዐይን የማትሞላ ደም መጣጭ ትንኝ ሲሆን፣ እርሷም ከምሽት እስከ ንጋት ትነክሳለች፤ ሞቃትና ረጠብ ያለ ስፍራ ይስማማታል። በሽታውን የማያውቁ ፈረሶችን ከመቶ እስከ ዘጠና የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል። በቅሎ ሻል ትላለች፤ አህያ እምብዛም አትሞትም። በቆላው ውስጥ አህያ በዝቶ ፈረስ የሚያንስበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ ግን እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ይመረታል።

ከዚህ በኋላ መሳቄን ትቼ መማር ጀመርሁ። ውርንጭላ ክብደቱን ወደ ፊት ጥሎ ቀጥ ሲል የቆመ ይመስላል፤ እርሱ ግን ለመሄድ መዘጋጀቱ ነው። አራቱም ኮቴ መሬት ሲይዝ፣ አንገቱ ዝቅ ሲል፣ አንድ ጆሮው ወደ ሰውየው ሲዞር፣ ያን ጊዜ ቆመ ይባላል። አዛውንቱ ከፊቱ አይገተሩም፤ ከግራ ትከሻው አጠገብ ይሆናሉ። ገመዱንም በእጃቸው አይጠመጥሙም፤ ቢደነብር ጣት ይዞ ይሄዳልና። ወደ ፊት ሲራመድ ገመዱን ጥቂት ጠበቅ አድርገው አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ ይመልሱታል፤ እግሩን ባሳረፈበት ቅጽበትም ያላሉለታል። ትምህርቱ ያለው በዚያች መላላት ውስጥ ነው። ትንሽ ቢዘገዩ ውርንጭላው ምን ሠርቶ እንደ ተመሰገነ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ጋማው የሚያልቅበትን ስፍራ ያኩለታል። ፈረሶች እርስ በርሳቸው የሚተካከኩት እዚያው ላይ ነው፤ ስፍራው ሲታከክ የልባቸው ምት እንደሚቀንስም ተመራማሪዎች ለክተዋል።

በአራተኛው ቀን ገመዱን ለእኔ ሰጡኝ። ውርንጭላው ተራመደ፤ ጎተትሁት። እርሱም በበኩሉ ጎተተኝና ሁለታችንም ከማሽላው ክምር ደረስን። «መምህር፣ በጉልበት ከሆነማ እርሱ ይበልጥሃል» አሉኝ አዛውንቱ። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ እጄ ላይ ያለው ገመድ መቼ እንደሚላላ አስቤ የማላውቅ መሆኔ ትዝ አለኝ፤ ይህን ግን ለተማሪዎቼ አልነገርኋቸውም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ዜኖፎን ስለ ፈረስ በጻፈው መጽሐፍ፣ ፈረስን በቍጣ መቅረብ እንደማይገባ፣ ውርንጭላም በሕዝብ መካከል እየተመራ ድምፅንና ግርግርን እንዲለምድ ይመክራል። አዛውንቱ ዜኖፎንን አላነበቡም፤ ነገር ግን በሁለተኛው ሳምንት ውርንጭላውን ወደ አውራ ጎዳናው ዳር ይወስዱት ጀመር። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ይደነብራል። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚሁ መንገድ ካለፈ ወዲህ እንኳን ውርንጭላ ሰውም ይደነብራልና አልፈረድሁበትም። አሥር እስኪቆጠር ይቆማል፤ ከዚያ ይመለሳሉ። ከሩብ ሰዓት አያስበልጡም። ቤት ሲገቡ አንገቱን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ይለቁታል፤ መርፌውን ማስለመዳቸው ነው።

የክትባቱ ቀን ደረሰ። ከብቱ፣ አህያው፣ ልጁ ሁሉ ተሰብስቦ አቧራው ሰማይ ነክቷል። አዛውንቱ ግራ ትከሻው አጠገብ ቆሙ፤ እኔ ከጀርባቸው ነበርሁ። ባለሙያው የአንገቱን ቆዳ ሲይዝ ውርንጭላው አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ገመዱ ጠበቀ። ቆመ። ገመዱ ላላ። መርፌው ሲገባ ቆዳው ተንቀጠቀጠ፣ የኋላ እግሩንም ከመሬት አነሣ፤ እኔ ትንፋሼን ያዝሁ። ጥቂት ቆይቶ እግሩን ከነበረበት መለሰው።

አዛውንቱ ምንም አልተናገሩም። ጋማው ሥር ሲያኩለት ቆዩና ወደ ቤት መራነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ጋጣው አስገብተው እንደ ወትሮው የኩበት ጭስ ለኮሱለት፤ ክትባቱ ኃይል እስኪያገኝ ገና ሳምንታት ይፈልጋልና።