ከጉና ግርጌ የተገኘ የገብስ ዘር

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዋ ለመመረቂያ ጥናቷ ርእስ ስትመርጥ ያደገችበትን ማሳ አልዘነጋችም። ማሳው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጉና ተራራ ግርጌ ይገኛል። እናቷ በክረምት የገብሱን ቅጠል እያሳዩ፣ «ይህኛው ነጭ ይለብሳል፤ ያኛውን ግን አይነካውም፤ ዘሩን ለይተሽ ያዢ» ይሏት ነበር። ምክንያቱን ግን የነገራት ሰው አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተመሳሳይ ታሪክ አነበበች። ነጭ ዱቄት የሚመስለው ሻጋታ ወደ ቅጠሉ ሕዋስ ለመግባት ገብሱ ራሱ የሚሠራው ኤም ኤል ኦ የተባለ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ ነባር የገብስ ዘሮች መካከል በሽታውን የሚቋቋሙ ተገኙ፤ በ1979 ደግሞ ይህን ውርስ የያዘው አቴም የተባለ ዝርያ ለአውሮፓ ገበሬዎች ቀረበ። የመቋቋሙ ምስጢር በዘረመል ደረጃ ተብራርቶ የታተመው በ2004 ነው። በኢትዮጵያው ገብስ ፕሮቲኑን የሚያሠራው ዘረመል ሙሉ ነው፤ ከፊቱ ግን የራሱ ቁራጭ ተደጋግሞ ገብቷል። ስለዚህ የተዛባ አር ኤን ኤ ይመረታል፤ ትክክለኛው ያንሳል፤ ሻጋታውም መግቢያ ያጣል።

ተማሪዋን ያስደነቃት መጽሐፉ ሳይጎድል ንባቡ ብቻ ተለውጦ አዝመራ መዳኑ ነው። አር ኤን ኤ ተቆርጦ በሚቀጠልበት በስፕላይሲንግም ከአንድ ዘረመል ልዩ ልዩ መልእክቶች ይወጣሉ። ስለዚህ ዲ ኤን ኤውን ማንበብ ብቻ እንደማይበቃት ተረዳች። የእናቷ ገብስ በሽታውን የሚከላከለው በዚሁ መንገድ ይሁን በሌላ፣ ጥናቷ የሚፈትሸው ይህን ነው።

ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ አር ኤን ኤው ቶሎ ይበላሻል፤ ፈሳሽ ናይትሮጅን ተሸክሞ ዳገት መውጣትም አድካሚ ነው። ዘሩን በቤተ ሙከራው አጠገብ በማሰሮ ማብቀል ይቻላል፤ ሆኖም የጉና ውርጭና ጉም በዚያ የሉም፤ የዘረመል ሥራ ደግሞ እንደ አየሩ ይለዋወጣል። በመጨረሻ ናሙናውን ከሁለቱም ቦታ ለመውሰድ ወሰነች፤ ከማሳው የሚቆረጠው ቅጠል ወዲያው በማቆያ ፈሳሽ ይነከራል።

ዘር ልትወስድ ወደ ቤት ስትመለስ እናቷ ከጎተራው ጥግ አንድ ቅል አወጡ። የቀረው ያው ነበር፤ ጎረቤቶቻቸው ማሳቸውን ለሌላ ዘር ሰጥተዋል። ተማሪዋ ግማሹን ብቻ ወሰደች። የቀረውን ለመጪው ክረምት እንዲዘሩት ለእናቷ መለሰችላቸው፤ ዘሩ ከጠፋ የሚጠናም የሚበላም አይኖርምና።