ለእማማ የሚላከው የት ይጻፋል?

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ከትምህርት ቤት ባመጣችው ወረቀት ላይ ዕድሜዋ 22፣ ሥራዋ የጥርስ ሐኪም ረዳት፣ የወር ደመወዟ 3,600 ዶላር ነው። ብቻዋን ትኖራለች። የቤት ሥራዋ በዚህ ገንዘብ አንድ ወር ከዳር እስከ ዳር ኖራ ማሳየት ነው፤ ኪራዩን ከእውነተኛ ማስታወቂያ ፈልጋ፣ የመኪና ኢንሹራንሱን ዋጋ ጠይቃ፣ የሳምንት አስቤዛዋን ከሱፐርማርኬት ዋጋ ጋር አስተያይታ።

የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። በዚህ ስቴት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ተማሪ ለመመረቅ «ኢኮኖሚክስና የግል ፋይናንስ» የሚባለውን ኮርስ ማለፍ ግዴታው ነው። ታላቅ ወንድሟም ወስዶታል፤ ያኔ የሌሊት ፈረቃ እሠራ ስለነበር ደብተሩን ገልጬ አላየሁም። አሁንም ድረስ ይቆጨኛል። ማክሰኞ ማታ ግን ከልጄ ጋር ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን።

መጀመሪያ ያስደነገጣት ገና ሳትነካው የሚቀነሰው ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲ 6.2 በመቶ፣ ለሜዲኬር 1.45 በመቶ፤ ይሄ ብቻ 275 ዶላር ከ40 ሳንቲም ወሰደ። የፌዴራልና የስቴት ግብር፣ የጤና ኢንሹራንስ ሲወጣለት እጇ ላይ የቀረው ወደ 2,800 ነው። «ሌላው የት ገባ?» አለችኝ። እኔም አሜሪካ የገባሁ ሰሞን የመጀመሪያ ቼኬን ይዤ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር፤ የሰዓቱን ክፍያ በሠራሁት ሰዓት አባዝቼ ለኪራይ ቃል ገብቼበት ነበርና። እሷ በ17 ዓመቷ፣ ማንም ሳያስወጣት፣ በእርሳስ ጽፋ ደረሰችበት። ለዚህ ብቻ እንኳ ኮርሱን ያሰቡትን ሰዎች አመሰግናለሁ።

ቀጥሎ ቤት ፈለገች። ባለ አንድ መኝታ 1,850 ዶላር። መብራትና ኢንተርኔት 130፣ ምግብ 380፣ የመኪና ኢንሹራንስ 210፣ ቤንዚን 110፣ ስልክ 45። ደምራ ስትጨርስ የተረፋት 75 ዶላር ነው፤ የመኪናዋ ዋጋ ራሱ ገና አልገባም፣ ቁጠባ የሚባል የለም። በማግስቱ ክፍል ውስጥ አስተማሪዋ ካርታ አስመዘዘቻቸው፤ የልጄ ካርታ «ሁለት ጎማ ቀይሪ፣ 400 ዶላር» ይላል። ሐሙስ ማታ ሁለተኛ ዙር ስትሠራ ቤቱን ትታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በ950 ዶላር አንድ ክፍል ተከራየች። ማንም አልመከራትም። ቁጥሩ ነው የመከራት።

አስተማሪዋ ያስተማረቻቸው ደንብ ሃምሳ፣ ሠላሳ፣ ሃያ ይባላል። ከግብር በኋላ ከቀረው ገንዘብ ግማሹ ለግድ ወጪ፣ ሠላሳ በመቶው ለፍላጎት፣ ሃያው ለቁጠባና ለዕዳ። ደንቡን በሰፊው ያስተዋወቁት ኤልዛቤት ዋረን ከልጃቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ ነው። እናትና ልጅ አብረው ስለጻፉት ደስ ይለኛል። ዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖር ጀማሪ ሠራተኛ ግን ኪራይ ብቻውን ከግማሽ በላይ ሲወስድ፣ ደንቡ ልክ ሳይሆን አቅጣጫ ነው ብዬ ለልጄ ነገርኳት።

ከዚያ ነው ያልጠበቅሁት ጥያቄ የመጣው። «እማዬ፣ አንቺ ለእማማ በየወሩ የምትልኪው እዚህ የት ነው የሚጻፈው?» ወረቀቱ ላይ ፈለገች። መጨረሻ ላይ «ስጦታና በጎ አድራጎት» የሚል መስመር አገኘችና እዚያ ልትጽፈው እርሳሷን አነሳች። እጇን ያዝኳት። ያሳደገችኝ እናቴ በጎ አድራጎት አይደለችም። ታዲያ የት እንደሚጻፍ መልሱ ቶሎ አልመጣልኝም፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ በ19 ዓመት የአሜሪካ ኑሮዬ ያን ገንዘብ በየትኛውም ወረቀት ላይ ጽፌው አላውቅም። ከየትም ከየትም ብዬ እልካለሁ። አንዳንድ ወር ከክሬዲት ካርድ ላይ ነው የወጣው፤ ከነወለዱ።

እኔ ያደግሁት ደሴ ነው፣ አባቴ መምህር ነበር። ደመወዝ የወጣ ቀን ገንዘቡን ለእናቴ ይሰጣታል፣ እሷ ወደ ጓዳ ትገባለች፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን እኛ ልጆች አናይም። ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ ማኅበሩ፣ የባለሱቁ ዱቤ እዚያው ጓዳ ውስጥ ይለያያል፤ የቀረው በመቀነቷ ይቋጠራል። ስንት እንደሚያገኙ መጠየቅ ነውር ነበር። ወጪውን ግን ከማንም በላይ እናውቀው ነበር። የዱቤ ደብተር ይዤ የምላከው እኔ ነኝ፤ ስኳር ስንት እንደገባ፣ ዘይት ስንት እንደጨመረ ከአባቴ ቀድሜ እሰማለሁ። መልሱን በሩ ላይ ቆሜ ሳልቆጥር ብገባ እናቴ መልሳ ትልከኛለች። ጤፍ በጥር፣ አዝመራው ገበያ ሲገባ በኩንታል ይገዛል፤ በርበሬው ክረምቱ ሳይገባ ይደለዛል፣ ይሰጣል፣ ይፈጫል። ይሄ ሁሉ በጀት ነው። ወረቀት ላይ አልሰፈረም እንጂ የዓመት ዕቅድ ነበር።

ስለ ዓመት ካነሳሁ፣ ሰው ብዙ የማያነሳው አንድ ነገር አለ። አገር ቤት ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር ነው፣ ደመወዙ አሥራ ሁለት። ጳጉሜን ደመወዝ የላትም። ደግሞም የምትመጣው ለእንቁጣጣሽ ዶሮ፣ ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም፣ ለምዝገባ ገንዘብ በሚፈለግበት ሰዓት ነው። እናቴ ለጳጉሜን ከሰኔ ጀምራ ነበር የምትቋጥረው። እዚህ ደግሞ ብዙ መሥሪያ ቤት የሚከፍለው በየሁለት ሳምንቱ ስለሆነ በዓመት 26 ክፍያ ይመጣል፤ ሁለት ወር ላይ ሦስት ጊዜ ይከፈላል። አንዱ አገር አምስት ቀን ያጎድልብሃል፣ አንዱ ሁለት ቼክ ያተርፍልሃል። የእናቴን ልማድ ይዤ ብመጣ ኖሮ እነዚያ ሁለት ቼኮች በየዓመቱ ምን ሊሠሩልኝ ይችሉ ነበር! ሦስተኛው ቼክ ሲመጣ ግን የተገኘ ገንዘብ እየመሰለኝ ሳላውቀው አልቋል።

እናቴ ዘዴውን አላስተማረችኝም ማለቴ አይደለም። ዘዴው ጓዳ ውስጥ ስለነበር ከቤት ስወጣ ይዤው አልወጣሁም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው ያየሁት። የግቢውን ካፌ ትቼ ነን ካፌ ሆንኩ፤ የምግብ ገንዘቡ በወር በእጄ ይሰጠኝ ጀመር። የመጀመሪያው ወር በ17ኛው ቀን አለቀ። ጓደኞቼ ናቸው ያበሉኝ። በሁለተኛው ወር አራት ሆነን ከግቢው በር ውጪ ካለች ምግብ ቤት ጋር በወር ተዋዋልንና ገንዘቡን ገና ስንቀበል ከፈልን። ይህን ሁሉ የተማርነው ከረሃብ ነው። ክፍል ውስጥማ ወለድ አስልተን ነበር፤ ግን ሁልጊዜ የአንድ ስሙ ያልተጠቀሰ ነጋዴ ወለድ እንጂ የራሳችንን ወር አልነበረም።

ስለዚህ የልጄን ትምህርት ቤት አደንቃለሁ። ያ ጓዳ ውስጥ የነበረው ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል፣ ልጅ እንዲነካው ተፈቅዷል። ነገር ግን በዚያ ወረቀት ላይ ያለችው የ22 ዓመት ልጅ እናት የላትም፣ ወንድም የላትም፣ ሠርግ የሚጠራት፣ ለቅሶ የሚደርሳት ሰው የላትም። ጎማዋ ሲፈነዳ ያላት ነገር የመጠባበቂያ ገንዘብ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ሰው አለን። እዚህም ዕድር አለን፤ ሰው ሲሞት አስከሬን አገር ቤት እስከመላክ ይደርሳል። ግን ዕድር ጎማ አይቀይርም፣ ሥራ ያጣህ ወር ኪራይ አይከፍልም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዘው የተቸገሩ ወገኖቼን በዓይኔ አይቻለሁ።

ልጄ ዕቁቤንም ጠየቀችኝ። አሥር ሆነን በወር 500 ዶላር እንጥላለን፣ ዕጣ የወጣለት 5,000 ይወስዳል። «ቁጠባ ነው ወይስ ዕዳ?» አለች። መጀመሪያ ከደረሰህ ወለድ የሌለው ብድር ነው፣ መጨረሻ ከደረሰህ ቁጠባ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው አምልጦ ቢቀርስ የሚል ጥያቄ አስከተለች፤ ዋስ ማለት ምን እንደሆነ አስረዳኋት። ወረቀቷ ላይ ሁለት መስመር ሠራችለት።

በመጨረሻ ያደረግሁት አባቴ አድርጎት የማያውቀውን ነው። የራሴን የክፍያ ወረቀት አምጥቼ አጠገቧ ዘረጋሁት። ስንት እንደማገኝ አነበበች። ኪራዩን፣ ኢንሹራንሱን፣ አንድ ትልቅ መደብር በር ላይ በቅናሽ አባብሎ ያስወጣኝን የካርድ ዕዳ፣ ለእማማ የምልከውን 150 ዶላር ቁልቁል ጻፍነው። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ከኪራይ ቀጥሎ፣ ከምግብ በፊት፣ ባዶ ቦታ ላይ መስመር አሰመረችና «እማማ» ብላ በአማርኛ ጻፈች፤ ፊደሏ ትንሽ ይንጋደዳል። በራሷ ወረቀትም ላይ እንዲሁ አደረገች፤ 40 ዶላር መደበችላት፣ ከስልኳና ከምግቧ ቀንሳ። አስተማሪዋ መስመሩ ለምን እዚያ እንደገባ ብትጠይቃት እንዴት እንደምትመልስ እንግሊዝኛውን አብረን አዘጋጀን።

እሑድ ደሴ ስንደውል ስልኩን ከእጄ ተቀበለችና፣ ስለ ጤና ጠይቃ እንደጨረሰች፣ «እማማ፣ ጤፍ ኩንታሉ ስንት ገባ?» አለቻት። እናቴ ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ ዋጋውን ነገረቻት፤ የባለፈው ዓመቱንም ነገረቻት፤ ዘንድሮ ስንት ኩንታል እንደገዛች፣ ለምን ከነጩ ወደ ሠርገኛው እንደዞረች ነገረቻት። ልጄ እርሳስ እንዳቀብላት በእጇ ምልክት ሰጠችኝ።