ጌታ ሰጠን ያልናት ቀይ መኪና

እሁድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ አግኝታችሁን "መኪናዋስ?" እያላችሁ ለጠየቃችሁን ሁሉ አንድ ጊዜ መልስ መስጠት ይሻላል ብለን ይህን ጻፍን። እስካሁን "ቆይ እንነግራችኋለን" እያልን ስንሸሽ ነበር። የሸሸነው መኪናዋ ስለቀረች ብቻ አይደለም። በቤት ለቤት ኅብረታችን ፊት ቆመን "ጌታ ሰጠን" ብለን መስክረን ስለነበር ነው። እልልታም ተደርጎልናል።

ከሁለታችን የመኪና ፍቅር ያለበት አንዱ ብቻ ነው። ባልየው ነው ብላችሁ ከገመታችሁ ተሳስታችኋል። አባቷ ጎፋ አካባቢ መካኒክ ነበሩ፤ ልጅ ሆና ከትምህርት ቤት መልስ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጣ የወዳደቁ ብሎኖች በጣሳ ትለቅም ነበር። አንድ ቀን አንድ የውጭ አገር ሰው ሁለት በር ያላት ዝቅ ያለች ስፖርት መኪና ለጥገና አመጣ። አባቷ ከሠሯት በኋላ ልጃቸውን ጎናቸው አስቀምጠው እስከ ሳሪስ ወስደው መለሷት። ያን ቀን ከሃያ ዓመት በላይ ስታወራው ኖራለች። ባልየው ግን መኪና ማለት ዝናብ የማያስገባና የታክሲ ሰልፍ የሚያስቀር ዕቃ ነው ብሎ ያምናል። ዘጠኝ ዓመት ዕቁብ የጣልነውም በእነዚህ ሁለት ሐሳቦች መካከል ሆነን ነው።

ዕቁቡ የደረሰን መኪና መግዛት እጅግ በከበደበት ጊዜ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ የሚጣለውን ታክስ እስከ 500 በመቶ አድርሶት ነበር። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሆነ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና እንደ ሌላው ዕቃ በማርጀት አይረክስም፤ እያረጀ ይወደዳል። አንድ ወንድማችን "ኤሌክትሪኩን ግዙ" ብሎ መክሮን ነበር፤ እኛ ግን የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ገመድ በመስኮት እናውርድ?

ቪትዝ አየን፣ ያሪስ አየን፣ ዲኤክስ የሚባለውን አሮጌ ኮሮላም አየን። የሁሉም ደላሎች ቋንቋ አንድ ነው፦ "ሞተሩ አልተከፈተም፣ የሴት መኪና ናት፣ ገብታችሁ መንዳት ብቻ።" እኛም የገዢን ቋንቋ ቶሎ ለመድን። ምሳሌ 20 ላይ ዕቃውን እያጣጣለ ዋጋ የሚያስቀንስ፣ ከሄደ በኋላ ግን ባገኘው የሚኩራራ ገዢ አለ። ስናነበው ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው ይመስለን ነበር። ለቡ ላይ አንዲት ደህና ቪትዝ ከበን "ቀለሟ ሞቷል፣ ጎማዋ አልቋል" ስንል ራሳችንን ሰምተን ተያይተን ሳቅን።

ከዚያ ቀይዋ መጣች። የ2001 እ.ኤ.አ. ቶዮታ ሴሊካ፣ ሁለት በር፣ ፊቷ እንደ ወፍ ምንቃር ሹል። ደላላው በስልክ ፎቶዋን ሲልክ ሚስትየዋ ቢሮ ውስጥ ነበረች፤ "ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም" ብላ ተናዛለች። የተጠየቀው ዋጋ ከአንዲት ቪትዝ ያንስ ነበር። በዚህ ገበያ እንዲህ ያለች መኪና ለምን ረከሰች? እኛ የጸሎት መልስ ነው አልን።

ስፖርት መኪና ለመግዛት የምታስቡ ወገኖች ካላችሁ፣ ከዚህ ክፍል እንኳ የምትጠቀሙት አይጠፋምና ትንሽ እንቆይበት። መኪናዋን ያየልን የአባቷ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ የሆኑ አንድ ጋሼ ናቸው። "ከመምጣቴ በፊት ሞተሩን እንዳያስነሡት" ብለው አስጠነቀቁን፤ ሞቆ የጠበቀ ሞተር ብዙ ይደብቃል። ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ለቡ ሻጩ ቤት ደረስን። ጋሼ በመጀመሪያ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ቀጥሎ ከኪሳቸው ማግኔት አውጥተው በጨርቅ ጠቅልለው በሮቹና ፓራፋንጎው ላይ አስኬዱት። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ ማለት ነው። በግራ በኩል አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ተገኘች። ሞተሩ ሲነሣ ከኋላ ቆመው ጭሱን ተመለከቱ። "ይህ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠራው ዘይት ይበላል፤ የፒስተን ፋሻው ነው ችግሩ። ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ ሽሹ" አሉን። ጭስ የለም። መለዋወጫውስ? "የሞተሩ አያስቸግርም፣ ኮሮላም ላይ አለ፣ ሶማሌ ተራ ታገኛላችሁ። መብራቷና ቦዲዋ ግን የሷ ብቻ ነው፤ ከተሰበረ ወይ ዱባይ ወይ ጸሎት" ብለው ሳቁ።

የቀረው የሆዷ ጉዳይ ነበር። ዝቅ ያለች መኪና በከተማችን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ምን እንደምትሆን ለማየት ወደ ጀርመን አደባባይ ነዳናት። ጉብታዎቹን ቀጥ ብላችሁ ሳይሆን በሰያፍ፣ አንድ ጎማ በአንድ ጊዜ መውጣት ትለምዳላችሁ። ያም ሆኖ ሁለት ቦታ ሆዷ ሲፋቅ ሰማን። ባልየው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ሚስትየዋ እያለቀሰች ነበር፤ በደስታ።

ስንመለስ በሩን የከፈተችልን ሴት ቡና አፍልታ ጠበቀችን። ሁለት ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ወጡ፤ ትንሿ ሻጩን "አባዬ፣ የእሷ መኪና ናት እንዴ?" ብላ ስትጠይቀው "ሊያዩዋት ነው የመጡት" አላት። ቡናችንን ጠጥተን፣ አመስግነን ወጣን። በማግስቱ 50 ሺህ ብር ቀብድ ከፈልን። ደላላው እግረ መንገዱን "ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ እናደርገዋለን፣ ለቀረጡ። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው" አለ። ሁለታችንም ራሳችንን ነቀነቅን። በተለየ አልተወያየንበትም፤ ውይይት የሚያስፈልገው ነገርም አልመሰለንም። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው ኅብረታችን ላይ የመሰከርነው።

ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርበን ልንፈርም ሁለት ቀን ሲቀረን ደላላው የሰነዶቹን ፎቶ ላከልን። ሊብሬ፣ መታወቂያ፣ ዕዳና እገዳ የሌለባት መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ። የመጨረሻው ወረቀት ሻጩ ያላገባ መሆኑን ይገልጻል።

ያገባ ሰው መኪናውን ብቻውን ቢሸጥ ምን አለበት የሚል ካለ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነን የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ለዚህ ነው ሻጭ ወይ ከሚስቱ ጋር ቀርቦ የሚፈርመው፣ ወይ ያላገባ መሆኑን የሚያስረዳው። ያች ቡና ያፈላችልን ሴት መፈረም ነበረባት። ርካሽነቷ ገባን። ሰውየው ገንዘቡን ቶሎ ፈልጎታል፤ ለምን እንደሆነ ግን ሚስቱ እንድታውቅ አልፈለገም።

ወገኖች፣ እውነቱን እንናገር። ወዲያው አልተውናትም። ሦስት ቀን ተሟገትን። "እህቱ ብትሆንስ?" አልን፤ ልጅቷ "አባዬ" ስትለው በጆሯችን ሰምተን። "ተፋተው ይሆናል፤ ወረቀት ካለው እኛ ምን አገባን?" አልን። ከዚያ ጸለይን፤ ከጸሎት ስንነሣ አንዳችን "ሰላም ተሰማኝ" አለ። ይህን ቃል በቤተ ክርስቲያናችን ስንት ጊዜ እንደምንሰማው ታውቃላችሁ። ለጋብቻ፣ ለሥራ፣ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ "ሰላም ተሰማኝ" ከተባለ በኋላ ማንም አይጠይቅም። የዚያን ሌሊት የተሰማን ሰላም ቀይ ቀለምና ሁለት በር ነበረው። መስክረናል፣ ቀብድ ከፍለናል፣ ለዘመድ ነግረናል፤ እንዲህ የጠገበ ልብ "ተዉት" የሚል ድምፅ ቢመጣም በር አይከፍትም።

የመለሰን ኤርምያስ 32 ነው፤ የዚያን ሳምንት የንባብ ክፍላችን ነበር። ነቢዩ ኢየሩሳሌም በጠላት ተከባ፣ ራሱም ታስሮ ሳለ በዓናቶት ያለውን የዘመዱን መሬት በ17 ሰቅል ብር ይገዛል። ሁልጊዜ የምንሰብከው የእምነቱን ድፍረት ነው። በዚያ ምሽት ግን ዓይናችን የገባው ወረቀቱ ነው፦ ውል ይጻፋል፣ ይታተማል፣ ምስክሮች ይጠራሉ፣ ብሩ በሚዛን ይመዘናል፣ የታተመውና ክፍቱ ውል በሸክላ ዕቃ ይቀመጣል። እግዚአብሔር ያዘዘው ግዢ ነው፣ ግን አንዲት ፊርማ አልተዘለለችም። ሚስትየዋ መጽሐፉን ዘግታ "የእሷ ፊርማ የለበትም" አለች። ከሁለታችን ለመኪናዋ የምትሞተው እሷ ስለሆነች፣ ሌላው የሚጨምረው ነገር አልነበረውም።

ሻጩን ጎፋ አንድ ካፌ ውስጥ አገኘነው። ባልየው "ወንድሜ፣ ባለቤትህ ትምጣና ትፈርም፣ ያኔ በደስታ እንገዛለን" አለው። መጀመሪያ አላገባሁም አለ። ቡናውን ስናነሣበት ዝም አለ። ከዚያ ቀና ብሎ "እናንተስ? ዋጋውን ዝቅ አድርጋችሁ ልታጽፉ አልተስማማችሁም? የእኔ ውሸት ነው የሸተታችሁ?" አለን።

የምንመልሰው አጣን። በሰውየው ላይ ለመናገር ያዘጋጀነው ቃል ሁሉ አፋችን ውስጥ ቀረ። ባልየው በመጨረሻ "ልክ ነህ፣ ተስማምተን ነበር። እሱንም ትተናል፤ ሙሉው ዋጋ ይጻፍ" አለ። ሰውየው ሳቀ። ቀብዱን ስንጠይቀው "ያፈረሳችሁት እናንተ ናችሁ" ብሎ ተነሣ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ሲተው ዕጥፉን ይመልሳል። ጠበቃ የሆነ ወንድማችን "ሐሰተኛ ማስረጃ አቅርቦ ያፈረሰው እሱ ነው፣ መከራከር ትችላላችሁ" ብሎናል። አልተከራከርንም። ክርክሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ የእኛም የዋጋ ስምምነት አብሮ እንደሚነሣ ስለምናውቅ ይሁን፣ ስለደከመን ይሁን፣ ለይተን መናገር አንችልም። 50 ሺህ ብር ለእኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ኅብረታችን ፊት ቆመን "ባለፈው የመሰከርነውን አንሱልን" አልን። ማንም እልል አላለም። አንዲት እናታችን ብቻ ስንቀመጥ የሚስትየዋን እጅ ይዘው እስከ ስብሰባው መጨረሻ አልለቀቁም።

ከሁለት ወር በኋላ ያችኑ ያጣጣልናትን ቪትዝ ገዛን፤ ዋጋዋ በመሃል ጨምሮ ነበር። ባልና ሚስቱ አብረው መጥተው ፈረሙ፤ ውሉ ላይ ሙሉው ዋጋ ተጻፈ፤ ደላላው "እናንተ ሰዎች ገንዘብ በዝቶባችኋል" አለን። ቀለሟ አሁንም እንደሞተ ነው። ሚስትየዋ ከለቡ ወደ ጀሞ የሚወስደው መንገድ ባዶ ሲሆንላት መስኮቱን ዝቅ ታደርግና ማርሹን እንደ አባቷ ትቀይራለች፤ ባልየው እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል።

አንድ ነገር ግን እስካሁን በመካከላችን አልተዘጋም። ወደ ለቡ ሄደን ያን በር አንኳኩተን ለዚያች ሴት መንገር ነበረብን ወይስ አልነበረብንም? ባልየው "የሰው ትዳር ነው፤ ለእሱ ፊት ለፊት ነግረነዋል፣ ከዚያ በላይ የእኛ አይደለም" ይላል። ሚስትየዋ "ቡናዋን ጠጥተናል" ትላለች። ቀይዋን መኪና ባለፈው ወር መካኒሳ መንገድ ላይ አየናት። የሚነዳት ሌላ ሰው ነበር።