ቀይዋን ብቻ ልቀሚ

ከጅማ በስተደቡብ፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሸኪ የደዶ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ጥቅምትና ኅዳር ላይ በዚያ አካባቢ ቡናው ይቀላል፤ ጆንያ ይጠገናል፣ ቅርጫት ይወርዳል፣ ቤተሰቡ ሁሉ ለቀማ ይወጣል። የአምስት ዓመት ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት የበሰለውን ፍሬ ካልበሰለው ይለያል። ልደቱ ሲደርስ ግን ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ ከገበያ የተገዛ የስፓይደርማን ወረቀት ነው። ልጁ ከወደደው ክፋት የለውም። ቢሆንም ከዚያ የሚበልጥ የልደት ጭብጥ ጓሮው ውስጥ በቅሏል።

ኬክ ቆርሶ ሻማ እፍ ማለት ለአካባቢው አዲስ ልማድ ነው። ለሕፃን የሚደገሰው ትልቁ ድግስ በክርስቲያኑ ቤት ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን የሚነሱት ክርስትና፣ በሙስሊሙ ቤት ደግሞ አቂቃ ነበር። በየዓመቱ የሚመጣው ልደት ከሩቅ የተገኘ እንግዳ ነው፤ ታሪኩ ግን ከልጆች ዓለም ሩቅ አይደለም። ዓለም ሁሉ የሚዘምረው የልደት ዜማ በ1893 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ የመዋዕለ ሕፃናት የጠዋት ሰላምታ ነበር። ያዘጋጁት ፓቲ ሂል እና እህቷ ሚልድረድ ሲሆኑ ፓቲ የትንንሽ ልጆች መምህርት ነበረች።

እንግዲህ ጭብጡ ቡና ለቀማ ይሁን። ከልደቱ ሁለት ሦስት ቀን በፊት ልጆቹ ራሳቸው አሮጌ ወረቀት እየጨመደዱ ትንንሽ ኳስ ይሠራሉ። ገሚሱን ቀይ፣ ገሚሱን አረንጓዴ ክር ይጠመጥሙበታል። ኳሱ ከሕፃን አፍ የሚተልቅ መሆን አለበት። በልደቱ ቀን አዋቂ ሰው ኳሶቹን በቅጠል ሥር፣ በበርጩማ ሥር፣ በአጥር ጥግ ይደብቃቸዋል፤ እያንዳንዱ ልጅም ቅርጫት ይዞ ይወጣል። ሕጉ አንድ ነው፦ ቀይ ብቻ ይለቀማል። ደግሞም የጨዋታ ሕግ ብቻ አይደለም። አረንጓዴ ፍሬ የተቀላቀለበት ቡና ጣዕሙ ይበላሻል፣ ዋጋውም ይወርዳል፤ ጎበዝ ለቃሚ የሚመሰገነው እጁ በመምረጡ ነው። ይህን አዋቂዎች በየዓመቱ ይደጋግሙታል፣ ልጆቹ ደግሞ እየሮጡ ይማሩታል።

ለጭንብል ጉሬዛ አለ። በቡናው ጥላ ዛፎች ላይ ሲዘል የሚታየው ይህ እንስሳ ገላው ጥቁር፣ የትከሻው ጎፈርና የጅራቱ ጫፍ ነጭ ነው። ስለዚህ ሌላ ቀለም መግዛት አያስፈልግም፤ ካርቶን፣ ከሰልና ጥጥ ይበቃል። ማጣበቂያው በውኃ ተቀቅሎ የወፈረ የስንዴ ዱቄት ነው። ትልልቆቹ ይቆርጣሉ፣ ትንንሾቹ ጥጥ ይለጥፋሉ። አንድ ዓይን ከሌላው ቢተልቅም አይታረም፤ ልጁ የሚኮራበት ያንኑ የራሱን ጠማማ ጉሬዛ ነው። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ልጆችን ያሳደገችው ቀጭኔ፣ የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች»ዋ ፀሐይም፣ በእጅ የምትንቀሳቀስ አሻንጉሊት ናት። ያረጀ ካልሲና ሁለት ቁልፍ ካለ እሷን የመሰለች ጓደኛ መስፋት ይቻላል።

ጨዋታው ሲደምቅ፣ ፍየሎቹ የቡና ፍሬ በልተው ሲዘሉ ያየው የእረኛው የካልዲ ተራ ነው። በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በታተመው የፋውስቶስ ናይሮን የቡና መጽሐፍ እረኛው ስም የለውም፤ በኢትዮጵያ የሚነገረው ተረት ግን ካልዲ ይለዋል፣ የጎማ ወረዳዋ ጮጬም ታሪኩ የእኔ ነው ትላለች። አንዱ ልጅ እረኛ፣ ሌሎቹ ፍየል ይሆናሉ። ቀዩን ኳስ ያገኘ ፍየል መዝለል ይጀምራል። ለዚህ ልምምድም መድረክም አይፈለግም።

የሚበላውን ማሰብ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ጅማና ዙሪያዋ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት ሆኖ የሚኖርበት አገር ነው፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ልደቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ደግሞ የሚጾመው ልጅ ቅቤና እንቁላል ያለበትን ኬክ እያየ ይቀመጣል። ሕፃን በድግስ መሐል «አንተ ይህን አትበላም» መባል የለበትም። ስለዚህ ሥጋው ይቅርና ምስር ሳምቡሳ ይጠበስ። በኮባ ተጠቅልሎ፣ ከላይም ከታችም እሳት ነዶበት የበሰለ ድፎ ዳቦ ይቅረብ። ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፤ የሁሉም ልጅ እጅ የሚዘረጋበት የልደት ኬክ ይኸው ነው። በሃይማኖቱ ምክንያት ልደት የማያከብር ጎረቤትም ሻማና ዘፈን በሌለበት የጨዋታ ቀን ልጁን መላክ ሊቀለው ይችላል፤ አስቀድሞ ቤቱ ሄዶ መጠየቅ ነው።

ስለ ፈንዲሻ አንድ ነገር ማለት ግድ ነው። ያለ እሱ ድግስ የማይደምቅ ቢመስልም የሕፃናት ሐኪሞች ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሰጥ ይመክራሉ፤ ጉሮሮ ዘግቶ ሊያንቅ ይችላል። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም እንዲሁ ወዲያው ከመሬት ይነሳ። ማር ደግሞ፣ የጅማ ማር ቢሆን እንኳ፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃን አይቀምስም።

አመሻሹ ላይ ጀበናው ይጣዳል፤ ቡናው ለአዋቂዎቹ፣ ዳቦው ለሁሉም። ዳቦው ሲቆረስ በዕድሜ የገፉ ሰው ልጁን ይመርቁታል፤ ጭንብላቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የተቀመጡት ጉሬዛዎች አሜን ይላሉ። ከዚያ ቅርጫቶቹ ሰፌድ ላይ ይገለበጣሉ፣ ቀዮቹ ይቆጠራሉ፣ በስሕተት የገባች አረንጓዴም ተለይታ ትወጣለች።